ቀዳዳው ወደ ታች

ግንቦት ተገባዶ፣ ደመና ሲከብድ፣
በሱሉልታ ሜዳ ነፋሱ ሲያብድ፣
እኔ ስንዱ ወጣሁ መቀመጫ ፍለጋ፤
ደጄ ላይ የሚያድር፣ ክረምት ከበጋ።
የቤት ውስጥ ወንበርማ ማንም ይመርጠዋል፣
ትራስ ያሳምረዋል፤
የደጅ ግን ሌላ ነው፤ ሰማይ ይፈትነዋል።

መጀመሪያ ፕላስቲክ፤ ነጭ፣ አራት ሆኖ፣
አንዱ ባንዱ ላይ ተጭኖ።
ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ለልጅ እጅ ይቀላል፤
ግን የሁለት ዓመት ፀሐይ መቅኖውን ያደርቀዋል።
የዕድር ዳኛው ጋሽ ወልደየስ ሒሳብ እየቆጠሩ፣
«ቀጭ!» አለ አንዱ እግሩ፤
ሰውዬው ከነመዝገባቸው ሣሩ ላይ ቀሩ።
ስቀናል ኋላ ላይ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ሲመጡ፣
«ልሂድ ነው፣ ቆሜ ነው» ይላሉ እንጂ አይቀመጡ።

ከዚያ መንገድ ዳር፣ ሚፍታህ ብየዳ ቤት ሄድኩኝ፤
ባለ አርባ ቱቦላሬ አግዳሚ አሠራሁኝ።
ቀይ ፀረ ዝገቱን፣ ከላይ አረንጓዴ፣
ቀባልኝ ሁለቴ፤ አረፈልኝ ሆዴ።
ሚፍታህ ሐሰት የለውም፤ ጥፋቱ የቱቦ ነው፤
ከላይ ሲያዩት ብረት፣ ሆዱ ባዶ ነው።
ብየዳ ያልደፈነው የመርፌ ቀዳዳ
ውሃ ያስገባና፣ ለከርሞ ነው ፍዳ።
ዝገት ከውስጥ ይነሳል፤ ቀለሙ ሳይነካ፣
አንድ ጠዋት ጣቴን ባሳርፍ፣ ቅርፊት ኖሯል ለካ!
በዚያ ላይ ማለዳ በረዶ፣ ቀትር ላይ ፍም ነው፤
መቀመጫ የሚሆነው ለግማሽ ሰዓት ነው።

ባሕር ዛፍስ? አጥሬ ሁሉ እሱው አይደል?
እርጥቡን ቢያቆሙት፣ ሲደርቅ ይጣመማል፤
ሌሊት ጆሮ ለሰጠ፣ ምስጥ ሲያኝከው ይሰማል።

ድንጋይ አልኩ በመጨረሻ።
ኦቦ ጉተማ ጠርቦ፣ በጋሪ አስመጣልኝ፤
ግራጫ፣ ጠርዙ የቀና፤ ዐይኔን ሞላልኝ።
«ድንጋይ አይሞትም» አለች እህቴ ወርቅያንሱ፤
«የሚሞተው ላዩ የተቀመጠው ነው፤ ይብላኝለት ለሱ!
ብርዱ በወገብሽ ገብቶ፣ ኩላሊትሽን ይዞ፣
ወንበሩ መቶ ዓመት ይኖራል፣ ላንቺ አፈር ተጎዝጉዞ።»

ጉተማ ሳቀ። ሳይመልስላት ዞረና፣
ከኩሽናው ጀርባ አየ፤ ጎንበስ አለና፣
«ይኼስ የማነው?» አለኝ።

ጥድ ነው። መሐል ከተማ የነበረው ቤቴ
ሲፈርስ፣ ከፍርስራሹ ያወጣሁት ጎትቼ በጉልበቴ፤
ስድሳ ዓመት ጭቃ ግድግዳ ውስጥ ጣራ የተሸከመ፣
እዚህ ከመጣን ወዲህ ሥራ ፈትቶ የቆመ።
ሰው ሲጠይቀኝ «ማገዶ» እላለሁ፤
መጥረቢያ ሲመጣ ግን ሌላ እንጨት እሰጣለሁ።

በጣቱ አንኳኳው፤ ጆሮውን አስጠጋ፤
አንዴ በመላጊያ ቢፍቀው፣
ከግራጫው ሥር ቀይ ወጣ፣ እንደ ትኩስ ሥጋ።
ሽታው ደጁን ሞላው።
«የሚጸና ካልሽ፣ እትዬ፣ የጸናውን ጠይቂው» አለ።
«ድንጋዩ እግር ይሁነው፤ ጥዱ አፈር አይንካ፤
ፊቱ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ውሃ እንዳይተኛ ይለካ።»

አንድ ነገር ብቻ።
መሐሉ ላይ ምስማር አለ። ባሌ ትኬት ቆርጦ ውሎ፣
ማታ ሲገባ ካፖርቱን ከነዝናቡ እዚያ ላይ ሰቅሎ፣
ወለሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል
እራት እንበላ ነበር።

ጉተማ በጉጠት ነቀለው። ቀዳዳው ጠቁሯል።
«እንድፈነው» አለ፤ «በሰምና በመጋዝ ዱቄት፤
ውሃ በር ካገኘ እንግዳ አይሆንም፤ ይሠራል ቤት።»
ልክ ነው። የሚፍታህን ቱቦ የበላው ይኸው ነው።
ልክ ነው አልኩት፤ ልክ ነው፤ ግን እጄ
ከቀዳዳው ላይ አልነሳ አለ።
አየኝ። ምንም አልጠየቀኝም።
ምሰሶውን በሁለት እጁ አቅፎ ገለበጠው፤
ቀዳዳው ወደ ታች።

አሁን ሐምሌ ነው። በረዶው ሜዳውን አልብሶ አለፈ።
ጋሽ ወልደየስ መጡ፤ በእጃቸው ገፋ፣ በጉልበታቸው ገፋ አርገው፣
ወርቅያንሱን አየት፣ እኔን አየት አድርገው፣
ተቀመጡ።
እኔ ከዳር ነኝ። ሰው ሳያየኝ እጄን ከሥር እሰዳለሁ፤
ጣቴ አንድ አንጓ ይገባል።
ውስጡ ደረቅ ነው።